ሦስተኛ ክፍል ስትገቢ

ሰኔ 4 ቀን 1979፣ ሐሙስ

የፋብሪካው የጠዋት ሺፍት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ጨርቅ ላይ ዓይኔን ተክዬ እንከን ስፈልግ ዋልሁ። ሁለት ጣቃ ጣልሁ፤ ኃላፊው ተቆጣ። ይቆጣ!

ቤት ስገባ ልጄ ባንቺአየሁ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግታ ታነባለች። በሰባት ዓመቷ፣ ገና አንደኛ ክፍል ሆና! ስኳሩስ? ሳህን ላይ ገልብጣዋለች። ልቆጣ ነበር... ሳቄ ቀደመኝ። አለበል ቢያያት!

ፊደል ያስቆጠራት እሱ፣ አባቷ ነው። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር፣ እርጥቡ መሬት ላይ በእንጨት ይጽፍላትና «ቶሎ በይ፣ ሞገዱ ሳይበላው!» ይላት ነበር። ፍጥነቷ ከዚያ የመጣ ነው። በጎንደር በኩል ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ አሥራ አምስት ወር ሆነው። የመጨረሻው ደብዳቤ ለፋሲካ የመጣው ነው።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

አስተማሪዋ እትዬ የሺመቤት አስጠራችኝ። ነጠላዬን ደርቤ ሄድሁ።

«ምን አጠፋች?»

«እሷማ ምን ታጠፋለች? እኔ ነኝ የማስተምራት ያለቀብኝ።»

ሥራዋን ከሁሉ ቀድማ ትጨርስና በር በሩን ታያለች አለችኝ። ክረምቱን የሁለተኛን መጽሐፍ ካጠናች፣ ጳጉሜን ላይ ተፈትና ደብል ትመታለች። ሁለተኛን ዘልላ ሦስተኛ!

«ግን ልጅ ናት። ያስቡበት» አለችኝ።

ምኑን አስባለሁ? ከሰባተኛ ያቋረጥሁት እኔ! ለባንቺ ስነግራት ዓይኗ በራ። «ሦስተኛ? በዚህ መስከረም?» ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ሰኔ 26

ካርድ ተሰጠ፤ ከሰማንያ አራት ልጅ አንደኛ። ተጨበጨበላት። አጠገቤ፣ በአለበል ቦታ፣ የሰው ባል ተቀምጦ ነበር።

ነሐሴ 10፣ እሑድ

ዝናብ። መጽሐፉን ጨረሰችው፤ እንደገና ጀመረችው። እንቆቅልሽ የመሰለኝን የሒሳብ ጥያቄ ሳይቀር ትሠራለች። እኔ መልሱን ከመጽሐፉ ኋላ እያየሁ አርማለሁ... የኔ ነገር!

የጎረቤት ልጆች «ባንቺ፣ ነይ ሱዚ እንጫወት» ሲሏት «ሥራ አለብኝ» ትላለች። እንደ ትልቅ ሰው። ከእኔ በላይ የምትቸኩለው እሷ ናት። ምን ያስቸኩላታል? ጎበዝ ስለሆነች ነው ብዬ ተውሁት።

ለአለበል ገና አልጻፍሁለትም። ትለፍና ላስደንቀው።

ጳጉሜን 3

አለፈች! እኔ እልል አልሁ፤ እሷ ግን አልዘለለችም። «በወረቀት ተጽፏል?» ብላ ዳይሬክተሩን ጓድ ሣህሉን መዝገቡን አሳዩኝ አለቻቸው። ሳቁና አሳዩዋት።

ለአለበል አራት ገጽ ጻፍሁ። ደስታ ብቻዬን ሲሆን ይከብደኛል።

መስከረም 20 ቀን 1980

ፊት ነው የምትቀመጠው። የክፍሏ ልጆች ትከሻ ይጋርዳታላ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ በመናኸሪያ በኩል ካልሄድን ትላለች። የጎንደሩ አውቶቡስ ሲገባ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ቆማ ታያለች። ታርጋ ማንበብ ወዳ ነው... ዛሬ ደግሞ የአባቷን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትወለውል አገኘኋት። «አቧራ ይዞት ነው» አለችኝ።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

የፈተና ወረቀቷን ባዶውን መልሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ። ባንቺ! ጓድ ሣህሉ «ሳንቸኩል አልቀረንም» አሉ።

ቤት ገብቼ ጮህሁባት። «ይኸን ሁሉ የደከምነው ለምንድን ነው?»

ደብተሯን ዘጋችና «አባባ ዋሽቶኛል» አለች።

የሄደ ዕለት እኔ ጓዳ በሶውን ስቋጥርለት፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ሦስተኛ ክፍል ስትገቢ ከተፍ እላለሁ» ብሏት ኖሯል።

«ገባሁ። አልመጣም።»

ለካ ስታጠና የከረመችው አባቷን ልታመጣ ነው! በጨርቅ ላይ የፀጉር ያህል እንከን የማያመልጠኝ ሰው፣ ይህን እንዴት ሳላየው ቀረሁ? አቀፍኋት። ሁለታችንም አለቀስን።

ጥቅምት 10

አስረዳኋት። ውትድርናው ሠላሳ ወር ነው። አባባ አልዋሸም፤ ወሩን ቆጥሮ ነው ሦስተኛ ክፍል ያለሽ። የዘለልሽው አንቺ ነሽ።

ጣቷን እንኳ ሳትቆጥር፣ «አሥራ ዘጠኙ ሄደ። አሥራ አንድ ቀረ።»

ራቷን ሳትነካ ቆየችና፣ «እማ፣ ሁለተኛ ክፍል ይመልሱኝ። በአባባ ቆጠራ ያለሁት እዚያ ነው።»

ጥቅምት 12

«ወይዘሮ እናትዓለም፣ ሰው ልጄን ደብል አስመቱልኝ እያለ ደጅ ይጠናል። እርስዎ መልሱልኝ ይላሉ?» አሉኝ ዳይሬክተሩ።

«ከአባቷ ጋር ቀጠሮ አላት» አልሁ። ነገሩን ነገርኋቸው። ጓድ ሣህሉ መነጽራቸውን አወለቁና መዝገቡን ሳቡ።

እትዬ የሺመቤት ዘንድሮ ሁለተኛን ነው የምታስተምረው። «ለእኔ ስጧት። የሦስተኛውን መጽሐፍ በጎን እሰጣታለሁ። ከእኩዮቿ ጋር ትቀመጥ እንጂ እውቀቷን ማን ያስረዋል?» አለች። ተባረኪ።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ልብስ ልናጥብ ሐይቁ ዳር ወረድን። ባንቺ ከክፍሏ ልጆች ጋር ሱዚ ስትዘል ጉልበቷ ተላጠ። ደስ አለኝ። የእሱ ሸሚዝ አሁንም ከእኛ ልብስ ጋር ይታጠባል። ማንም ሳይለብሰው።

ከዚያ በራሷ እጅ ደብዳቤ ጻፈችለት። «አባባ፣ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ቀድሜህ ሄጄ ነበር፤ ተመልሻለሁ። አሁን እንደ ቃልህ ነው የምሄደው።»

አንብቤ ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ።

ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስመር አልመጣም። ለአራቱ ገጼም መልስ የለም። ሰኔ ላይ ሦስተኛ እንድትገባልኝ ምን ያህል ቸኮልሁ! አሁን ሁለተኛ ክፍል ባያልቅ እወዳለሁ። እሷ ሁለተኛ እስካለች ድረስ አለበል አልዘገየም። ናፍቆኛል፤ አጥንቴ ድረስ ናፍቆኛል። ግን መስከረምን ፈራሁት።

«እማ፣ ፖስታው ላይ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። አድራሻውን ነገርኋት። ቀስ ብላ ጻፈችው፤ ዛሬ አልቸኮለችም።