ቀይ ውሃ በደጄ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጉልበቴ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ምላሴም እንደ ድሮው አለች፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ሰላምታው ይህን ያህል ይበቃል፤ የምነግርህ ብዙ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሎቹ ሽቅብና ቁልቁል ቢሉብህ ልጄ እንዳልጻፈልኝ በዚያ እወቅ።

በምርጫው ሳምንት ደጋግመህ ደወልክልኝ። በደወልክ ቁጥር "መሰላል ነው፣ አይደል?" አልከኝ። እኔም በየጊዜው "ሃሎ? ሃሎ? መስመሩ ይቆራረጣል" እያልኩ ዘጋሁብህ። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። አንተ ስትስል፣ ልጅህ "አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥ" ስትልህ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ለሁለት የተከፈለው የእኔ ሐሳብ ነው። አሁን ምርጫው አልፏል፤ ልንገርህ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ አንተ ትናገራለህ እኔ እሰማለሁና ነው፤ ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲህ ኖረናል። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ "ቆይ አንቺ" ተብሎ አይቆምም።

ቂመኛ እንደሆንኩ ታውቃለህ። አባባ አንተን ደብተር አስይዞ እኔን እንስራ ሲያሸክመኝ "ለሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል?" ብሎ ነበር። አንተም ደብተርህን በብብትህ ይዘህ እግርህን ታይ ነበር። ይህን ረስቼ አላውቅም፤ አሁንም አልረሳሁም፤ ስሞትም ይዤው እሄዳለሁ። ይኸው በስተርጅና፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ተማርኩ። አስተማሪዋ በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት። "እማማ፣ ብዕሩን እንደ ካውያ አይጫኑት" ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ የሰው ልብስ ሳጥብና ስተኩስ ለኖርኩት እጄ የለመደው ካውያ ነው።

እና ወደ ነገሬ ልመለስ። መሰላል በቤታችን ፓርቲ አይደለም፣ የአያት ስም ነው። የምርጫ ዕለት ጠዋት ሁላችን ደጅህ ተሰብስበን፣ በዕድሜያችን ተሰልፈን፣ አንተ ኮትህን ቆልፈህ ከፊት ስትሄድ ሰፈሩ "መሰላሎቹ ወጡ!" ይለን ነበር። ማንበብ ስለማልችል የምርጫ ምልክታችንን ሥዕል መንገዱን ሙሉ በጆሮዬ "ሁለት ቋሚ፣ መሃሉ ርብራብ" እያልክ ታስጠናኝ ነበር። መሰላል አይቼ የማላውቅ ይመስል! ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ በቀን ስንቴ እንደምወጣበት ማን በነገረህ።

ዘንድሮ አንተ ልጅህ ጋ ስለሄድክ ታላቋ እኔ ሆንኩ። "ሰልፉን አንቺ ምሪልኝ። አንድ ሰው እንዳይጎድል፣ አንድ ድምፅ እንዳይባክን" አልከኝ። እጩው ደግሞ አንተው ኮትኩተህ ያሳደግከው ኮሌታ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሸሚዝ ባመጣ ቁጥር "እትዬ፣ ኮሌታው ቀጥ ይበልልኝ" ስለሚል። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ሰው ሲያገኝ ጎንበስ ይላል፣ የሞተበትን ያጽናናል። ስለ ሰፈሩ መንገድ ስትጠይቀው ግን "በጥናት ላይ ነው" ይልሃል። ያለፈው ምርጫ ላይም በጥናት ላይ ነበር። ይህ ጥናት ሰው ቢሆን ኖሮ እስከ አሁን ይዳር ነበር።

በተቃራኒው ፓርቲ፣ በጃንጥላ የቆመችብንስ ማን መሰለችህ? መቀስ! አዎ፣ ግድግዳ የምትጋራኝ ጸጉር ሠሪዋ። የእሷንና የእኔን ነገር አንተ ታውቀዋለህ። የእኔ እጣቢ ውሃ ከቱቦው ወጥቶ በእሷ ደጅ ያልፋል። እሷ "ደንበኞቼ ከላይ አምረው ከታች ጭቃ ሆነው ይሄዳሉ" ትላለች። እኔ "ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ሽቅብ እንዲወጣ ላስተምረው እንዴ?" እላለሁ። እሷም በበኩሏ ጸጉር ስታቃጥል ሽታው አንሶላዬ ላይ ይሰፍራል። ሰላምታ ካቆምን ዓመታት አልፈዋል። የምንነጋገረው በድመቷ በኩል ነው። የማን እንደሆነች የማትታወቅ ድመት ደረጃው ላይ ትተኛለች። መቀስ በሯ ላይ ቆማ "ድመቷ፣ እስኪ ለአንዳንድ ሰዎች ንገሪልኝ፣ ዛሬ ጎርፉ በረታ" ትላለች። እኔም "ድመቷ፣ ጎርፍ የፈራ ጀልባ ይግዛ በያት" እላለሁ። ድመቷ የሁለታችንንም ሰምታ ታዛጋለች።

ምርጫው ሲቃረብ ያቺው መቀስ ደጄን አንኳኳች። በድመቷ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት።

"ድምፅሽን ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለች።

"ሰላምታውስ?"

"ድምፅሽን አልኩ እንጂ ሰላምታሽን መች ፈለግኩ።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ካውያውን አነሳሁ፤ ፊቴን በእንፋሎቱ ደበቅኩ። "እኔ መሰላል ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ቤተሰቡ በሙሉ መሰላል ነው። ግን መሰላል ላይ ወጥተሽ የምታሰጪው ልብስ ያንጠባጠበው ውሃ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?"

"ወደ አንቺ ደጅ።"

"ከእኔ ደጅስ ወዲያ?"

"እንጃ" አልኩ። ሕይወቴን ሙሉ ውሃ ስደፋ ከደጇ ወዲያ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም። የእሷን ደጅ ካበላሸ ይበቃኝ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። እሷም "እኔም አላውቅም፤ ግን አገኘዋለሁ" ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩን ነጭ አንሶላዎች ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ከምራቴ ጋር እያሸን ሳለ በበሩ ቀና ብል መንገዱ ላይ የሚፈሰው ውሃ ቀይ ሆኗል። ቀይ! ወንድም ጋሼ፣ አጣቢ ላልሆነ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ነጭ ልብስ ባለበት ቀይ ውሃ ማየት የቤት ቃጠሎ ማለት ነው።

"ለቀቀ! ወዮልኝ፣ ለቀቀ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ምኑ ነው የለቀቀው እማዬ? ቀይ ነገር እኮ አላስገባንም!"

"ካልሲ ይሆናላ! የታባቱንስ! አውጪ፣ ሁሉንም አውጪ!"

አንሶላውን እየጎተትን አወጣን። ወለሉ ባሕር ሆነ፣ ምራቴ አንዴ ተንሸራታ በቂጧ ቁጭ አለች፣ እኔ እስከ ትከሻዬ ገንዳ ውስጥ ገብቼ ያቺን የተረገመች ካልሲ ፈለግኩ። የለችም። አንሶላው እንደ ወተት ነጭ ነው። ግራ ገብቶኝ እያንጠባጠብኩ ደጅ ብወጣ መቀስ የቱቦዬ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች፤ በእጇ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የጸጉር ቀለም። ትቀዳለች፣ ትጨምራለች። እኔን ስታይ፣ የሳሙና አረፋው ከጸጉሬ ላይ ሲወርድ ስታይ፣ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ድመቷ" አለች ሳቋ እያቋረጣት፣ "ድመቷ፣ ንገሪልኝ፣ አንሶላቸው ደህና ነው!"

የሰደብኳትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ፊደሉን ገና አልተማርኩትም። ግን አየህ፣ ቀዩ ውሃ መሄዱን ቀጠለ። ቀይ ስለሆነ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። መቀስ ተነስታ ተከተለችው። እኔም ተከተልኩት፤ እሷን ሳይሆን ውሃውን። እሷ በወዲያ ዳር፣ እኔ በወዲህ ዳር፣ መሃላችን ቀይ ክር። በዳቦ ቤቱ በር አለፈ፤ ዳቦ ጋጋሪው "እናንተ፣ በግ አረዳችሁ እንዴ?" አለን። በልጆቹ ኳስ ሜዳ ጥግ አለፈ፣ ለካ ያ ጥግ በጋም የማይደርቀው በእኔ ነው። ከዚያ በአንድ አጥር ሥር ሾልኮ ገባ። ቀና ብል የመሰላል ጽሕፈት ቤት ነው። የአንተው ቢሮ።

ከቢሮህ ጀርባ ያለውን ረግረግ ታስታውሳለህ? በየስብሰባው መስኮቱን እየዘጋህ "ይህ የጃንጥላዎች ሽታ ነው" የምትለውን? ወንድም ጋሼ፣ የእኔ ሳሙና ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መስኮት ያስዘጋህ የገዛ እህትህ ናት።

ኮሌታ በጓሮ በር ብቅ ሲል ቀዩን አይቶ በዚያ በተኮስኩለት ሱሪ ዘለለ። "ደም ነው እንዴ?" አለ።

"ቀለም ነው" አለችው መቀስ። "የውሃ መውረጃ የሚቆፈርበትን መስመር እያየን ነው።"

"ጉዳዩ እኮ በጥናት ላይ ነው..."

"ይኸው፣ ጥናቱ በራሱ ጊዜ ደጅህ መጣልህ።"

እሱም ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አይደለም አልኩህ። እኔን ግን ቤቴ ስገባ ሳቁ ተወኝ። ነገሩ የውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ባሌ ሲሞት፣ ሁሉም ሰው እንባውን ጠርጎ ሲሄድ፣ የመጀመሪያዋን ካውያ ተሸክመህ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። "ተኩሽ፣ ትኖሪያለሽ" አልከኝ፤ ተኮስኩ፣ ኖርኩ። መሰላልን መተው አንተን መተው መሰለኝ። ደግሞስ ለማን? ለመቀስ! ጠላቴ በእኔ ድምፅ ወንበር ላይ ስትቀመጥ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ሸሚዝ አቃጠልኩ። ስልኩ ሲጮህ አንተ እንደሆንክ እያወቅኩ ነበር "ሃሎ? ሃሎ?" የምለው።

የምርጫው ጠዋት ሰልፉን መራሁ። ልጆቼ፣ ምራቴ፣ የአክስታችን ልጆች፣ ሁሉም ከኋላዬ። ሰፈሩም እንደ ልማዱ "መሰላሎቹ ወጡ!" አለ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ በማንም ጆሮ "ሁለት ቋሚ" አላልኩም። ታላቁ ልጄ "እማዬ፣ አንድ ነገር አትይንም?" ሲለኝ "ዓይን አላችሁ" አልኩት።

መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥዕሉ በፊት ጽሑፉን አየሁ። የመቀስን ስም ከነአባቷ አነበብኩ። ያን ያህል ዓመት ግድግዳ ተጋርተን የአባቷን ስም አላውቀውም ነበር። አባት ያላት ሰው መሆኗ ገረመኝ። የኮሌታንም ከነአባቱ አነበብኩ። ሁለቱም የሰው ልጅ ሆኑብኝና ሥዕሎቹ አነሱብኝ። ብዕሩን መሰላሉ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ፤ አስመራጩ ውጭ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። አንተ "መሰላል ወደ ላይ መውጫ ነው" ትል ነበር። እውነት ነው። ግን በየቀኑ የምወጣበት እኔ የማውቀው ነገር አለ፤ እግሩ ጭቃ ላይ የቆመ መሰላል ይዞህ ይወድቃል።

ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረግኩ። አስተማሪዬ እንዳለችኝ ብዕሩን አልተጫንኩትም።

ስወጣ ምራቴ በዓይኗ ጠየቀችኝ። "ምርጫ ምስጢር ነው" አልኩ። በቤታችን ይህ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሁሉም መሬት መሬት አዩ፤ ትንሹ ልጄ ግን ሳቁን በእጁ አፈነ። ከኋላዬ ማን ምን እንደመረጠ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። መቀስ በጥቂት ድምፅ ማሸነፏን ስሰማ ግን ያንን ሳቅ አስታወስኩ።

ኮሌታ በማግስቱ ሸሚዙን ይዞ መጣ። "እትዬ፣ ተሸነፍን" አለኝ። "ኮሌታህ ግን ቀጥ ብሏል" አልኩት። ሻይ ጠጣ። "በሚቀጥለው ምርጫ ቦቲ ጫማ አድርገህ ና፣ ሰፈሩን ዙር፣ ያኔ እናያለን" አልኩት። ጃንጥላ አላገባሁም፤ ለአንድ ዝናብ ነው የተጠለልኩት።

ትናንት ቁፋሮው ተጀመረ። መቀስ አካፋ ከያዙት ሰዎች ጋር መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። ድመቷን አየቻት። "ድመቷ፣ ለአንዳንድ ሰዎች ንገሪልኝ" አለች፣ "ድምፃቸውን ባይሰጡኝም ቁፋሮው ከእነሱ ደጅ ይጀምራል። ውሃው የሚነሳው ከዚያ ነዋ።"

ልነግራት አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። "ድመቷ፣ ደረጃዬን እንዳይነኩብኝ በያት" አልኩ። እሷ አታውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም፣ ኮሌታ አያውቅም። የነገርኩት ለአንተ ብቻ ነው። መሰላሉን ተውኩት እንጂ አንተን እንዳልተውኩህ በዚህ እወቅ።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ተቆጣ፤ ግን በጽሑፍ ተቆጣ። እስከ ዛሬ የላክካቸውን ደብዳቤዎች ልጆቹ ሲያነቡልኝ ቁጣህን እየዘለሉ ሰላምታውን ብቻ ይነግሩኝ እንደነበር በቅርቡ ደርሼበታለሁ፤ ሁሉንም ከሳጥን አውጥቼ ራሴ አነበብኳቸው። የጉድ ስድብ ነው የምትችልበት! አሁን አንድም ቃል አይዘለልብኝም።

ቁጣህ ሲበርድ ደግሞ ና። ያቺን ነጭ ጫማህን፣ በእኛ መንገድ ላይ ላድርጋት ብለህ በጭቃው ተስፋ ቆርጠህ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥካትን፣ አድርገሃት ና። ከመንገዱ መታጠፊያ እስከ ደጄ ድረስ ሱሪህን ሳትሰበስብ ትመጣለህ። ከተበላሸችብህ ራሴ አጥብልሃለሁ፤ ውሃዋ የት እንደሚሄድ አሁን አውቃለሁ።

ካውያውን ያመጣህላት፣
ታናሽ እህትህ