ከኪዳነ ፎቶግራፍ ጀርባ የበቀለው ጥቁር ገብስ

ለውድ ወንድሜ ለታዲዮስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእህትነት ሰላምታዬ ከመንዝ ብርድ ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ሙቀቱን ሳይፈራ ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ጆንያ ስታወርድ የያዘህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል? ባለቤትህ ጽዮን እንዴት ናት? ፍሬአብስ አድጎልህ ይሆን? እኛ፣ ስሙ ይመስገንና፣ ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ ከድሮው በርትቷል። ኪዳነም ደኅና ነው፤ የእሱን ነገር ግን ረጋ ብዬ ነው የምነግርህ።

ባለፈው በስልክ «ባልሽ በቴሌቪዥን ታየ የሚሉት እውነት ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝና መልሱን ሳትሰማ ኔትወርኩ ቆረጠው። ደግመህ ደወልክ፣ ደግሞ ቆረጠው። ሹፌሩ ገብረ ክርስቶስ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንተ ዘንድ ሊወርድ ነው ሲሉኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍለት ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው መሰለኝ።

አምና በግንቦት ቀበሌው ለስብሰባ ጠራን። ከግብርና የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከአንድ የብቅል ኩባንያ የተላከ ቴዎፍሎስ የሚባል ወጣት ባለሙያም አብሯቸው ነበር። ልጁ ትሑት ነው፤ ጫማው ግን ለጭቃችን የተሠራ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሁላችንም ማሳ ኩታ ገጠም ሆኖ፣ ማለት እንደ አንድ ሰው ማሳ ተያይዞ፣ አንድ ዓይነት የቢራ ገብስ ብቻ ይዘራበታል። ዘሩንና ማዳበሪያውን ኩባንያው ያመጣል፤ ምርቱንም ራሱ ይረከባል። ለቢራ የሚሆን ብቅል ከባሕር ማዶ ስለሚገዛ፣ እኛ ካበቀልነው የውጭ ምንዛሪ ይድናል ተባለ።

ጎረቤታችን ጋሽ ወልደ አማኑኤል ተነሡና «እኛስ ምን እንበላለን?» ብለው ጠየቁ። «ገብሱን ሸጣችሁ ስንዴ ትገዛላችሁ» አሏቸው። «ስንዴውስ ከየት ይመጣል?» አሉ። «ከውጭ» ተባሉ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እጃችን ብቅሉን ያስቀራል፣ ሆዳችን ደግሞ ስንዴውን ያስመጣል» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ተሰብሳቢው ሐሳቡን በደስታ ተቀብሏል» ተብሎ ተጻፈ።

ኪዳነን ታውቀዋለህ፤ ካመሰገኑት በሬውን ጨምሮ ይሰጣል። «ሞዴል አርሶ አደር» አሉት፣ ከሁሉ ቀድሞ ፈረመ። የሱን ፊርማ አይቶ ሰፈሩ በሙሉ ፈረመ። ከዚያ ፎቶግራፍ አነሡትና የቤት ግድግዳ የሚያህል የቆርቆሮ ሰሌዳ በማሳችን ራስ ላይ ተከሉ። ሰሌዳው ላይ ኪዳነ የገብስ ነዶ ታቅፎ ይስቃል። ነዶው የኛ አይደለም፤ በግንቦት ነዶ ከየት ይመጣል? በመኪና ይዘውት መጥተው ነው ያሳቀፉት፤ ሲጨርሱም ተቀብለውት ሄዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ኪዳነ ማለዳ ማለዳ እየሄደ ፊቱን ዝናብ እንዳልመታው ያይ ነበር።

ለነባሩ የገብስ ዓይነት ሁሉ ቦታ ስለ ጠፋ፣ ሰው ሰነፍ ቆሎውንም ፈረስ ጋማውንም ጥቁሩንም ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ግማሹን ፈጭቶ በላ፣ ግማሹን ዘመሮ ገበያ አወጣ። እማዬ ይህን ስትሰማ አኮረፈች። አንድ ቀን ጠርታኝ ከጎታዋ ሥር አንድ ቁና ጥቁር ገብስ አውጥታ ሰጠችኝና «ዝሪው። ዘር የሌለው ቤት ከሰው ደጅ አይጠፋም። ደግሞስ እኔ የሞትኩ ቀን ተዝካሬን በኩባንያ ገብስ ልታወጪ ነው?» አለችኝ። ዘር መቀላቀል ደግሞ ክልክል ነው፤ ቴዎፍሎስ በማሳው መሀል እየዞረ መልኩ የተለየ ዛላ ካየ ይነቅላል። የት ልዝራው? ሳስብ ሳስብ ሰሌዳው ትዝ አለኝ። ከሰሌዳው ጀርባ ከእርከኑ ወረድ ያለች ቁራሽ መሬት አለች። ሰው ሁሉ ከፊት ቆሞ የኪዳነን ፊት ያያል እንጂ ጀርባውን የሚያይ የለም። ኪዳነ ለሥልጠና መሐል ሜዳ የሄደ ዕለት በትኜ በዶማ አለበስኩት።

ክረምቱ ሲጀምር ደግ ነበር። ድሮ ዝናቡ መስቀልን አክብሮ አልነበር የሚሰናበተን? ዘንድሮ እንቁጣጣሽ እንኳ ሳይደርስ ጥሎን ሄደ። በላዩ ላይ በመስከረም ውርጭ ወረደ። ቴዎፍሎስ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» አለን። ስሙን ስላወቅነው ግን አልሞቀንም። ልጄ ሐሴት አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ «ማዳበሪያው ራሱ ሲሠራ የሚወጣው ጭስ ሰማዩን ያሞቃል ይላል መጽሐፋችን» አለች። አባቷ «ሰማዩ ከሞቀ ይህ ውርጭ የማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። መምህሯን ጠይቃ ልትመልስለት ቃል ገባች፤ መምህሩም እያሰቡበት ነው።

ክፋቱ ምን መሰለህ፣ ድሮ ጥቁሩ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሰነፍ ቆሎው ይዘገያል፤ ውርጭ መጥቶ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፍ ነበር። አሁን የሰፈሩ ገብስ ሁሉ አንድ ዘር፣ በአንድ ቀን ተዘርቶ በአንድ ቀን ዛላ የሚያወጣ ነው። ውርጩም አልደከመም፤ በአንድ ሌሊት ሁሉን ጎበኘው።

በጥቅምት የመስክ ጉብኝት ተባለ። ድንኳን ተተከለ፣ ሁለት ሙክት ታረደ፣ ከላይ የመጡ ኃላፊ ከነቴሌቪዥኑ ሰዎች ደረሱ። ገብሳችን ቀጭጮ ነጣ ብሎ ቆሟል። ካሜራ የያዘው ሰው ኪዳነን ከሰሌዳው አጠገብ አቆመውና ወዲያና ወዲህ ብሎ «ሰሌዳው ፀሐዩን ከለለብኝ፤ ይነሣልኝ» አለ። አራት ጎረምሶች ሰሌዳውን ከነብረቱ ነቅለው አነሡት። ከጀርባው ጥቁሩ ገብስ እስከ ወገብ ደርሶ፣ ዛላው ከብዶት ደፋ ብሎ፣ እንደ በርኖስ ጠቁሮ ታየ። ኪዳነ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ።

ኃላፊው ከተማ ያደጉ ሰው ናቸው። ወረድ ብለው ዛላውን ዳበስ አደረጉና «ውጤት ማለት ይህ ነው። ይህ ዝርያ ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ቴዎፍሎስ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ኪዳነ ውሸት አያውቅም፤ ቢዋሽም ያስታውቅበታል። ላቡን ጠረገና የኔን ስም ጠርቶ «ጌታነሽ ነው የሚባለው ጌታዬ» አላቸው። ኃላፊው ጻፉት። ያን ዕለት ማታ ዘመሮ ሻይ ቤት የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ዜና አንባቢዋ «ጌታነሽ የተሰኘው የተሻሻለ የቢራ ገብስ ዝርያ ውርጭን ተቋቁሞ የአርሶ አደሩን ተስፋ አለምልሟል» ብላለች። ከዚያ ወዲያ ገበያ ስወጣ «የተሻሻለችው መጣች» ይሉኛል።

ኪዳነ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ «ከገዛ ፊቴ ጀርባ?» አለኝ። «ፊትህ ነው ከነፋስ የከለለው» አልኩት። ሊቆጣ ብሎ እማዬ ስትስቅ ተወው።

በታኅሣሥ ምርቱን በአህያ ጭነን ወደ መረከቢያው ወረድን። ቴዎፍሎስ ከየጆንያው እየዘገነ በመሣሪያ ለካና አንገቱን ደፋ። «ፕሮቲኑ በዝቷል፤ አንረከበውም» አለ። ኪዳነ «ፕሮቲን ምንድን ነው?» አለው። «ገንቢ ምግብ ነው።» «ምግብነቱ በዛ ብላችሁ ነው የምትመልሱት?» «ለቢራ አይሆንም ጋሼ። ዝናቡ ቶሎ ሲቆም ፍሬው ይቀጭጫል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል። ውሉ ላይ አራተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።» ጋሽ ወልደ አማኑኤል አህያቸውን እያዞሩ «ጤና ጣቢያ ስንሄድ ልጆቻችሁን ገንቢ ምግብ አብሉ እንባላለን፤ እዚህ ስንመጣ ገንቢ ምግብ አበቀላችሁ ተብለን እንመለሳለን። እባካችሁ ሁለታችሁ ተገናኝታችሁ አንድ ነገር ንገሩን» አሉ። ያን ዕለት የሳቀ አልነበረም። አህዮቹ ብቻ አገር ሰላም ብለው ጭነታቸውን ይዘው ተመለሱ።

ያ ገብስ ገለባው ከፍሬው አይለቅም። ቆሎ ቢያደርጉት ጥርስ ይፈትናል፣ በሶ ቢያደርጉት ጉሮሮ ይቧጥጣል። ስለዚህ ሴቶቹ ጠላ ጠመቅንበት፤ ጥምቀትን እንደ ዘንድሮ ጠጥተን አናውቅም። ለእንጀራው ግን በጎቻችንን እየሸጥን ስንዴ ገዛን። ጆንያው ላይ የፈረንጅ ፊደል አለበት። ሐሴት እያነበበች «ይህንን አጎቴ ሳይሆን አይቀርም ያወረደው» ትላለች። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው በሚባልበት አገር፣ ገብሳችንን ለቢራ አቅርበን ካንተ ትከሻ የወረደ ስንዴ በላን።

ኪዳነ ግን ተጎዳ፣ ወንድሜ። ከመረከቢያው ከተመለሰ በኋላ ሦስት ቀን ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። «አሞህ ነው?» ስለው «አላመመኝም። ሰው የፈረመው ወረቀቱን አንብቦ አይደለም፤ የኔን ፊት አይቶ ነው» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሞኙ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሁላችንም ነበርን። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ሰሌዳውን በአህያ አስጎትቶ አመጣና ለበጎቹ ቤት ጣሪያ አደረገው። ፊቱ ወደ ውስጥ ነው የዞረው፤ የተረፉት በጎች ቀና ባሉ ቁጥር ይስቅላቸዋል።

ጥቁሩ ገብስ ሲወቃ ግማሽ ጆንያ ወጣው። እኔ ለቤታችን ዘር ብዬ ልቋጥረው ስል ኪዳነ ቁናውን አነሣና ስድስት ጎረቤት ቤት ለቤት እየዞረ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቁና ሰጠ። በየደጁ ምን እንዳለ አልነገረኝም። ጋሽ ወልደ አማኑኤል እንደነገሩኝ ግን፣ ከደጃቸው ቆሞ «ይቅር ይበሉኝ» ብሏቸዋል። እሳቸውም «ይቅር ይበልህ፤ ግባና ያንን ገንቢ ጠላ ቅመስ» ብለው አስገቡት። ሲመሽ እየዘፈነ ተመለሰ።

በዚህ ወር መጀመሪያ ኩባንያው ለመጪው ሰኔ እንዲያስፈርመን ቴዎፍሎስን ላከ። ኪዳነ ወረቀቱን ለሐሴት ሰጥቶ ሕዝብ ፊት አራተኛውን ገጽ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረገ። ከዚያ ተነሣና «ግማሹን ማሳዬን ላንተ እዘራለሁ፣ ግማሹን ለቤቴ። ዝናብ ቢቆም ጉዳቱን አብረን እንሸከም የሚል ቃል ጨምርበትና አሁኑኑ ልፈርም» አለው። ቴዎፍሎስ «ውሉ አዲስ አበባ ነው የሚጻፈው፤ ማን እንደሚጽፈው እኔም አላውቅም» አለ። «እንግዲያው እስኪታወቅ እንጠብቃለን» ብሎ ተቀመጠ። ያን ቀን የፈረሙት ሁለት ቤት ብቻ ናቸው፤ እነሱንም አልፈርድባቸውም፣ የማዳበሪያ ነገር ጨንቋቸው ነው።

ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ቴዎፍሎስ ብቻውን ወደ ቤታችን መጣ። የጎደለ ፊርማ ሊለምን ነው ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። ቁጭ አለና የተሰጠውን ጠላ ሳይቀምስ «እትዬ፣ የግሼ ልጅ ነኝ። እናቴም እንደናንተ ነባሩን ጥላ የኛን ዘር ነበር የዘራችው፤ ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። አሁን የምትዘራው የላትም። ካልቸገረሽ ትንሽ ጥቁር ገብስ» አለኝና ቃሉን ሳይጨርስ መሬት መሬት አየ። እማዬ ከመደቡ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። እኔ ሳልነሣ እሷ ያንን ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ቁናውን አትረፍርፋ ሞላችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችው። «ለእናትህ ሰላምታ አቅርብ። በየዓመቱ ጥቂት አስቀሪ በላት፤ ልጅ እንደሆነ የሚመክረውን አያውቅም» አለችው። እጇን ስሞ ወጣ። ኪዳነ እስከ ወንዙ ሸኘው።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። ኪዳነን በጣም ናፍቀኸዋል፤ ሐሴትም ጉልበትህን ስማለች፣ የጆንያ ፊደል እያነበብኩ እንግሊዝኛዬ ተሻሽሏል በይልኝ ብላለች። ጋሽ ወልደ አማኑኤል ሰላም ብለውሃል። ለጽዮን የከበረ ሰላምታዬን ስጥልኝ፤ ፍሬአብን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። በገብረ ክርስቶስ እጅ የላክሁልህ በሶ ከጥቁሩ ገብስ የተፈጨ ነው፤ ለሰው ሁሉ እያደልክ እንዳትጨርሰው። እማዬ ደብዳቤውን ሳልዘጋው ይህን ጨምሪ ብላኛለች፦ የሰው አገር እህል ማውረዱ ካልቀረ፣ በሰኔ የአሥር ቀን ፈቃድ ጠይቅና ናልን፤ ማሳው ተመልሶ የኛ ሆኗል፣ የሚዘራ እጅ ግን አንሶናል።

እህትህ ጌታነሽ

መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ
የካቲት 23 ቀን 2012 ዓ.ም.