ኦድያ ሥጋ አልበላም አለች

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ባሕሩ፤ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ሆነ? የጎንደር ብርድ በረታብዎ ወይ? እትዬ አሰለችስ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ልጄ ኦድያ ሃንጋሪ የጥርስ ሕክምና ተምራ ወደ እስራኤል መመለሷን በስልክ ነግሬዎ ነበር። ያልነገርኩዎ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ስናገር ትሰማኛለች።

መልኳ የልጄ ነው፣ አመሏ ግን የሌላ ሰው። የክፍሏን በር ትዘጋለች። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ "ሳይደውሉ እንዴት ይመጣሉ?" ትለኛለች። ሮቫ ዩድ በሚሉት ሰፈራችን ደውሎ የሚመጣ ማን አለ? በረንዳ ላይ ሆና በማላውቀው ቋንቋ በስልክ ታወራለች፤ ስጠጋ ድምጿን ትቀንሳለች። ይህን ሁሉ እንዳላየ አለፍኩት፤ የሥጋው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከመጣች ወዲህ ሥጋ አትነካም። "አላሰኘኝም" ትላለች። መቼም አንቱ ያውቁታል፤ በአገራችን እርዳችሁን አልበላም ያለ ሰው ሃይማኖቴ ሌላ ነው ማለቱ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የእኛን አይቀምሱም ነበር፣ እኛ ቤተ እስራኤሎችም የእነሱን። ታዲያ ልጄ የእናቷን ድስት የምትሸሸው አጥምቀዋት ይሆን? አግብታ ይሆን? ተኝታ ሳለች አንገቷን አየሁ፤ ማተብ የለም። መሳቢያዋን በረበርኩ፤ መስቀልም የለም። አለማግኘቴም አላሳረፈኝም።

ለሰንበት ሆን ብዬ ዘመድ ጠራሁ። ቄሳችን ያረዱትን በግ ወጥ ሠርቼ፣ የአክስታችን ልጅ ደስታነሽም ሌላውም እያያት አጎረስኳት። ትንሽ አመነታችና ዋጠች። ደገምኩላት፤ ዋጠች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ስታስመልስ ሰማኋት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሃይማኖትሽን ለውጠሻል ወይ ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋት። አልተቆጣችም፤ አለቀሰች። ለካ ስትሄድ "የማታውቂውን እርድ እንዳትቀምሺ" ብዬ አስምያት ነበር። በምትማርባት ትንሽ ከተማ የእኛ እርድ አልነበረም፤ የትምህርቷን ዘመን ሁሉ ሥጋ ሳትቀምስ ኖራ ሆዷ እምቢ አለ። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ "እናቴ አይደለሽ እንዴ? ታውቂያለሽ ብዬ ነው" አለችኝ።

አፈርኩ፣ ጋሼ። ግን አልዋሽዎም፣ የበረንዳው ስልክ አሁንም ይከነክነኛል። ከማን ጋር እንደምታወራ እንዲጠይቁልኝ ልለምንዎ ነበር የተነሣሁት። ዛሬ ጠዋት ግን ሮቫ ዩድ ዛይን በሚሉት ሌላ ሰፈር ክፍል ልከራይ ነው አለችኝ። ለምን ብላት፣ "እዚህ ስጎርስም ስተኛም የሚያየኝ አለ" አለች። ስለዚህ ስልኩን ተዉት፣ ምንም አይጠይቋት። እንዳትሄድብኝ ብቻ ይለምኑልኝ።

እትዬ አሰለችን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ማሐሪን፣ ሄዋንን፣ ትንሹን ቤንያሚንንም አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ኦድያም እጅ ትነሣለች፤ ይህን ስጽፍ ግን አላየችኝም።

እህትዎ ሐረጊቱ
አሽዶድ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.