የሰዓዳ ብልቃጦችና የእኔ ሆድ

ሰኞ
ዛሬም አስመለሰኝ። ቁርስ ሳልቀምስ፣ የሎሚ ውሃዬን እንደጠጣሁ። ሐኪሙ ጨጓራ ነው ይላል። ጨጓራዬን ከእሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። የጀመረኝ ሰዓዳ የኋላውን ክፍል ከተከራየች ወዲህ ነው። ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማር ልጅ ናት። ትሕትናዋ ይበዛል። ብልቃጦቿም ይበዛሉ።

ማክሰኞ
በሯ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አየሁ። መጋረጃውን ዘግታ፣ ነጋዴዎች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ዓይነት ሐምራዊ መብራት ብልቃጥ ላይ ታበራለች። ውስጡ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ምንድን ነው ስላት፣ «እማማ፣ ዚንክ የሚባለው ብረት ውሃ ውስጥ ካለ የሚያሳብቅ መድኃኒት ነው፤ የመመረቂያ ሥራዬ» አለች። የሚያሳብቅ! በልጅነታችን ያስተማሩን የሚሲዮን ሲስተሮች አሳባቂ አይወዱም ነበር። እኔም አልወድም።

ለጎረቤቴ ለብርነሽ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «መርዛ ምንዎን ልትወርስ ነው እትዬ? መነጽርዎን?»

ረቡዕ
ሆን ብዬ ከሎሚ ውሃው በቀር ምንም አልቀመስኩም። አስመለሰኝ። እንግዲህ ነገሩ እዚያ ውስጥ ነው። ሎሚው ታጥቧል፣ ውሃው ፈልቷል። የሎሚ ውሃውን የማሳድርበት ባልዲ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር በቅርቡ የገዛሁት፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው፤ ፕላስቲክ ሽታ ይይዛል። የሚቀመጠው ግን ኮሪደር ላይ፣ በእሷ በር አጠገብ ነው።

ክፍሉን ልቀቂ አልኳት። ምክንያቱንም አልሸፋፈንኩም። አላለቀሰችም። «እሺ እማማ። ግን ሳልወጣ ልመርምርልዎ።»

ሐሙስ
ፊቴ ተቀምጣ ሠራች፤ ብርነሽ ምስክር። ኮምጣጣነቱን የሚያበርድ ጠብታና ያን የሚያሳብቅ መድኃኒት ሁሉም ላይ ጨምራ ሐምራዊውን መብራት አበራችባቸው። የፈላው ውሃ ብቻውን፦ ጨለማ። እዚያው ፊቷ ሌላ ብርጭቆ ውስጥ የጨመቅኩት ሎሚ፦ ጨለማ። ከባልዲው የተቀዳው የሎሚ ውሃ ቦግ አለ።

«ኧረ ነገረኛው ባልዲው ነው!» አለች ብርነሽ።

ባልዲው እንዳይዝግ በዚንክ ተለብጧል፣ ሎሚ ሲያድርበት ያሟሟዋል፣ ሲጠጡትም ያስመልሳል አለች ሰዓዳ። አንቺው ጨምረሽበት ቢሆንስ አልኳት። «ሊሆን ይችላል፤ መጠርጠርዎ ልክ ነው» አትለኝም! ደግሞ መድኃኒቱ ካድሚየም ለሚባል ሌላ ብረትም ሊበራ ስለሚችል፣ ዚንክ ነው ብዬ አልምልም አለች። የሚዋሽ ሰው ይምል ነበር።

ዓርብ
አዲስ የሎሚ ውሃ አዘጋጅቼ፣ ግማሹን ባልዲው ውስጥ፣ ግማሹን የብርጭቆ ጆግ ውስጥ አድርጌ መኝታ ቤቴ ቆለፍኩበት። ጠዋት ፊቴ ፈተነችው። የባልዲው በራ፤ የጆጉ አልበራም። ከጆጉ ጠጣሁ። ሆዴ ዝም አለ።

ቅዳሜ
ዛሬም ደህና ነኝ። ባልዲውን ለወለል መወልወያ አወረድኩት። ሰዓዳ ጌጃ ሰፈር ክፍል አይታ መጣች። ተሳስቻለሁ፣ አትሂጂ አልኳት። «አስብበታለሁ እማማ» አለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ይህን ስጽፍ ብልቃጦቿ ሲጋጩ ይሰማኛል። ልትሠራባቸው እያወጣች ይሁን ልትሄድ እየጠቀለለች፣ በድምፅ አይለይም። በሯ ክፍት ነው። ሄጄ አላየሁም።