ከዶካ ወዲያ፣ ከገላባት ወዲህ

ገዳሪፍ
ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርከው ባለቤቴ፣ ለሳርዲን ቆርቆሮ ባቡሮች ሁሉ የበላይ ኃላፊ፣ ለአቶ ስለሺ
እስክንድርያ

ጤናህን መጠየቅ ወግ ስለሆነ ጠይቄሃለሁ። ደህና መሆንህን ግን ነጋዴው እስማኤል ነግሮኛል። እዚያ መጥቶ ሲያይህ፣ የከተማውን ትራም እያየህ ፌርማታ ላይ ቆመህ ነበር አለኝ። ሲመጣ ታየዋለህ፣ ሲሄድ ታየዋለህ፣ አትሳፈርም። ሥራ ልፈልግና እጠራችኋለሁ ብለህ የወጣህ ሰው እንዲህ ጥሩ ሥራ ማግኘትህን ስሰማ ደስ አለኝ። ስልኩ ዛሬም ስለማይሠራ ይህንን ወረቀት እሱው ያደርስልኛል።

የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። የኸሪፍ ዝናብ ስለገባ ክፍሉ እንዳያፈስ እዪልኝ፣ በሩን ግን ማንም እንዳይከፍት ብለሃል። እኔ የምተኛበት ጎጆ ያፈስ እንደሆነ አልጠየቅህም። ስለ ልጅህ ስለ ፅናትም አልጠየቅህም። እሷ ያለችበት ስንጃ ጦርነት ገባ ሲባል እኮ እዚያ አገር ቴሌቪዥንም ተናግሮ ነበር። እንግዲህ ስማኝ። ክፍሉን ከፍቼዋለሁ። ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ስለሆነ የከፈትኩት በመዶሻ ነው።

ያንን ክፍል እንዴት እንደሠራኸው ለአንተ መንገር ባያስፈልግም፣ ሰው ሥራውን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ አይከፋም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ጭቃ በሚሆንበት በዚህ ጥቁር አፈር ላይ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው አዲስ ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ሠራህ። እኔና ልጅህ ጎጆው ውስጥ የገመድ አልጋችንን፣ አንገረቡን፣ ፍሳሹ ወደማይደርስበት ስንጎትት፣ አዲሱ ክፍል ውስጥ የገቡት በእጅህ የሠራሃቸው ትናንሾቹ ትራሞች ናቸው። ሰውነታቸው የሳርዲን ቆርቆሮ፣ መስኮታቸው የራጅ ፊልም፣ ሞተራቸው የተበላሸ ቴፕ፣ ከጣራቸው ላይ ተነስቶ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ዘንግ ደግሞ የጃንጥላ ሽቦ። ፍየሎቼን ሸጠህ ከካርቱም ያመጣሃት አረንጓዴዋ የፈረንጅ ትራም መስታወት ሳጥን ውስጥ ለብቻዋ ትኖር ነበር። እኔ ፊቴን የማይበት መስታወት አልነበረኝም።

መስመሩስ? ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ፣ በገላባት፣ በመተማና በአዘዞ አድርጎ ጎንደር የሚገባ የኤሌክትሪክ ባቡር። የሁለት አገር መንግሥት ያላሰበውን አንተ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኸው። የመዳብ ክሩን ከተቃጠለ ሞተር እየፈታህ ከምሰሶ ምሰሶ ስትወጥር፣ ሰው ጠግንልን ብሎ ያመጣው የውኃ ሞተር ደጃችን ላይ ይዝግ ነበር። ባለቤቶቹ መጥተው ሲጮኹ የምወጣው እኔ ነኝ፤ አሞታል እያልኩ። እንዲያውም አልዋሸሁም። ሰው ለፍቶ መተማ መድረስ ባቃተው ዘመን አንተ ጎንደር ደርሰህ ትመለስና፣ መንገድ እንደደከመው ሰው ሻይ አምጪ ትለኛለህ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የፅናትን ሠርግ ነው። ለሽማግሌዎቹ ጥላ ያለው ማረፊያ ጠፋና ልጅቷ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው አስባ ክፍሉን አስለቀቀች። ትራሞችህን ሰብስባ ወደ ጥግ ስትወስድ ጥቂት ዘንጎች ጎበጡ። ያጠፋችው ይህንን ነው። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ መሆኑን ታውቃለህ። ሚዜዎቹ ቆመው፣ መኪናው ጥሩንባ እየነፋ፣ ልጅህ በነጭ ቀሚሷ በርህ ላይ ተንበርክካ ጠበቀችህ። አንተ ከውስጥ ቀርቅረህ ዘንግ ታቃና ነበር። በመጨረሻ አጎቴ ደጉ አዘነና ጉልበቱን ሰጥቶ መረቃት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። ለጃንጥላ ሽቦ ብሎ ልጁን የተቀየመ ሌላ አባት ካለ አገሩን ንገረኝ፤ ሄጄ አየዋለሁ።

በሰኔ ማለቂያ ከስንጃ የሸሸው ሕዝብ ከተማውን ሲሞላው፣ ፅናትም ከባሏ ከምንይችል ጋር መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ደጅ እንደቆመች «ዪማ፣ አቡይ አለ?» አለችኝ። የለም፣ አባትሽ ግብፅ ነው ያለው አልኳት። ያኔ ነው የገባችው።

ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ዝናቡም ምጡም አብረው መጡ። ምንይችል ረክሻ ፍለጋ ሮጠ፤ ጭቃው ባለ ሦስት እግሮቹን ሁሉ ይዟቸው የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ከቱነይድባ መጠለያ ወጥታ ሰፈራችን የገባችውን አዋላጅዋን ወርቂን በእግሯ ይዟት ተመለሰ። ጎጆው ውስጥ ውኃው በአንገረቡ ሥር ይሄዳል። ወርቂ እዚህ ሕፃን አላዋልድም አለችና ዙሪያውን አይታ፣ ያ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ባቡር አለ አልኳት። የምቀልድ መስሏት ተቆጣች።

መዶሻውን ሳነሳ ልጅህ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆና ክንዴን ያዘችኝ።

«ዪማ፣ ተይው። አቡይ ይቀየመኛል።»

ስለሺ፣ በዚያች ሰዓት አንተን የናቅሁህን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም። ልጅ እየወለደች ቆርቆሮህን ፈራች። ከሞት ሸሽታ የመጣች ልጅ፣ ከምጡ ይልቅ ያንተን ኩርፊያ ፈራች። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አባት መሆንህን የሚነግርህ ካለ ጠይቀው።

ጓጉንቸሩን ሰበርኩት። የወጠርከውን ሽቦ በመቀስ ቆራረጥኩት፣ ምሰሶዎቹን በክንዴ ጠራርጌ ጣልኳቸው። እውነቱን ልንገርህና ደስ አለኝ። ወርቂ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው፤ አልተነቃነቀም። ትራሞቹ እንዳይንገጫገጩ ብለህ እግሩን አወፍረኸዋልና። አንሶላ አነጠፍን፣ ፅናትን ጠረጴዛው ላይ አወጣናት። ከግድግዳው ጥግ የቀረች አንዲት ጎባጣ ትራም አይታ በምጥ መሃል ሳቀች። «ይቺ ናት ያስቀየመችው?» አለች። ወርቂ «ኣይትፍርሒ፣ ጓለይ»፣ አትፍሪ ልጄ፣ እያለች ወገቧን ታሻታለች። ሁሉም ነገር በደህና አለፈ። የልጅ ልጅህ ከዶካ ወዲያ፣ ከገላባት ወዲህ ተወለደች። ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ አፍንጫዋ ያንተ ነው፤ ይህንን ለደስታህ ብዬ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

አሁን እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ደረቅ ነው። ትራሞችህን አልጣልኳቸውም። በጨርቅ ጠቅልዬ ከራስጌዬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ጎጆው ሲያፈስም ከእኔ በፊት እነሱን ነው የማነሳው። ወድጃቸው እንዳይመስልህ። ለእኛ ብለህ እንደማትመለስ ስለማውቅ፣ የምትመለስበት ምክንያት በእኔ እጅ አይጥፋ ብዬ ነው።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ክርስትና መነሳት አለባት። ፅናት ግን እኔ ሳልመረቅ ከአባቴ ቤት የወጣሁ ሴት ነኝ፣ አቡይ ሳይመርቀኝ ልጄን ይዤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብላለች። ለመንኳት፣ ወርቂም ለመነቻት፤ አልሰማም አለች። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች አትጠይቀኝ። ሰው ከገበያ በመጣ ቁጥር ከአባቴ የመጣ ቃል አለ ወይ ትላለች። የለም እላታለሁ። እሺ ትላለች፣ ልጇን ታጠባለች።

ስለዚህ ና አልልህም። ከፈለግህ እዚያው ፌርማታህ ላይ ቁም። ሁለት ቃል ምርቃት ግን ለእስማኤል ንገረው። ሙስሊም ቢሆንም የአባት ምርቃት እንዴት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ሰባት ልጆች አሉት፣ አንዷንም በሠርጓ ቀን ደጅ አላስቀመጣትም። ልብህ እምቢ ካለህም ይህንን አስብ። ዶካንና ገላባትን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሽቦህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጓጉንቸርህን የሰበርኩትም እኔ ነኝ። ፅናት አንድ ጣቷን አላሳረፈችም፤ ይልቅስ እየለመነችኝ ነበር። ኩርፊያህን ከልጅቷ ላይ አንሳና እኔ ላይ አድርገው። እኔ ለምጄዋለሁ።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። ስትቆምም ከሐዲዱ ራቅ ብለህ ቁም።

ሚስትህ
ሉሉ