እሳት የገባው መግነጢስ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ገብረማርያም፣

እንደምን ከርመሃል? የእምዬ ጉልበት እንዴት ሆነላቸው? የደንቢያ ቁር ለቀቅ አደረጋቸው ወይስ ዘንድሮም ከምድጃ አልራቁም? ጸዳለስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ እንደምን አለ? ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አምላክ ይመስገን የቆላው ንዳድ ዘንድሮ አልፎኝ ሥጋዬ ደህና ነው። ነፍሴም ደህና ናት ብዬ ብጽፍልህ ግን ዋሸሁህ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

እንደምታውቀው እዚህ መተማ የሰሊጥ ነጋዴው የሐጂ ሙሐመድጣሂር መጋዘን ጠባቂ ነኝ። የመጋዘኑ በር ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ትልቅ በር ነው። ከጥር ወዲህ የተነሳው ነፋስ ደግሞ የእርግማን ነፋስ ነው። ተሸካሚዎች ጆንያ ተሸክመው ሲገቡ ድንገት ይመጣና በሩን ድርግም ያደርገዋል። ድንጋይ ብናስደግፍ ገፋው፤ እንጨት ብንተክል ነቀለው። አንድ መንጠቆ ይበቃን ነበር። ሐጂ ግን የጣልያኖቹ ጋራዥ በር ብረት በሚስብ ብረት ተይዞ ሲቆም አይተው ልባቸው እዚያ ቀረ። ዓረቦቹ መግነጢስ ይሉታል። እኔም አንድ ሰሞን ጋራዡ ውስጥ ጎማ ስገፋ ስለነበር አዋቂ ተባልኩና ምርጫው ለእኔ ተሰጠ። አዋቂ መባሉንም ወደድኩት።

ድንበሩን ተሻግሬ ገላባት ገበያ አሮጌ ብረት ከሚሸጠው ከሷሊህ ዘንድ ሦስት መግነጢስ አገኘሁ። አንደኛው እንደ ብር ክብ የሆነ ትንሽ፣ ሁለተኛው ጣት የሚያህል፣ ሦስተኛው ከተሰበረ ካሚዮን የወጣ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የተቆለመመ ነው። ትንሹ መርፌ አነሳ። ጣት የሚያህለው ቢላዋ ይዞ ቆየና ጣለው። ትልቁ ግን ምሳር አንጠልጥሎ ሲይዝ ገበያተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ሷሊህ ይህ ነገር ሲመታና ሲወድቅ ኃይሉ ይቀንሳል፣ እንደ እንቁላል ያዘው ብሎ መክሮኝ፣ ትንሹን ምራቂ ሰጠኝ። እኔ ምሳሩን እያየሁ ምክሩን መች ሰማሁት!

መግነጢሱ የሚስማር ቀዳዳ የለውም። በሩ ሲከፈት ከሚደርስበት የግቢው ምሰሶ ጋር በሚስማር ለመምታት መበሳት ነበረበትና ወደ ባለ እጁ ወደ ያረጋል ወሰድኩት። ያረጋልን አታውቀውም። ከሰፈሩ ዳር ወናፉን ተክሎ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። በመጣሁበት ዓመት ንዳድ ጥሎኝ፣ አለሁ የሚለኝ ዘመድ አጥቼ ስንቀጠቀጥ፣ ቤቱ አስገብቶ ያስተኛኝ እሱ ነው፤ አጥሚት እያጠጣች ያዳነችኝም ሚስቱ አገኘሽ ናት። ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም። ከባለ እጅ ቤት በላ፣ ከቡዳ ማዕድ ቀረበ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው።

ያረጋል መግነጢሱን አገላብጦ አየና፣ የማላውቀውን ብረት እሳት አላስገባም፣ በጠፍር ከምሰሶው ጋር እንጠፍረው አለኝ። እኔ ጠፍሩን ምስጥ ይበላዋል፣ ደግሞስ ብረት በእሳት ካልሆነ በምን ተበስቶ ያውቃል፣ ሐጂ ፊት አታዋርደኝ ብዬ ተቆጣሁ። እምቢ ሲለኝ ወናፉን ራሴ ተቀምጬ ነፋሁ። ብረቱ ፍም መሰለ፤ እሱም ሳይወድ በግዱ ሁለት ቦታ በሳልኝ። ሲቀዘቅዝ ሚስማር አስጠጋሁበት። ሚስማሩ ንቅንቅ አላለም። ያረጋል ሊያየው እጁን ሲዘረጋ፣ ቀድሜ በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሲያድር ኃይሉ ይመለስለታል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ምሰሶው ላይ በሚስማር መታሁት። ነፋሱ አራት ቀን ጋብ ስላለ በሩ ቆመ፤ እኔም ተመሰገንኩ። በአምስተኛው ቀን የሐጂ ልጅ ዋሲላ ደጃፉ ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ስትጠርግ መቃኑን ይዛ ጎንበስ አለች። ነፋሱ መጣ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣት እዚያው ቀረ፤ ጩኸቷ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ ሳልነግርህም ታውቀዋለህ። ምሳር ያነሳ የነበረ ብረት ያረጋል ቤት ደርሶ ሲመለስ ሚስማር ማንሳት አቃተው፣ በዓይኑ በላው ተባለ። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ክርስቲያኑና እስላሙ በዚህ ተስማሙ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ያምናም የሞተችው ጥጃ፣ የጨነገፈውም ፅንስ በሱ ተላከከ። ሽማግሌዎቹ አስቀርበው ምን አደረግኸው አሉት። በእሳት በሳሁት አለ። ማን አዘዘህ ሲሉት ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ዝም አለ። አያ፣ አሳልፎ አልሰጠኝም፤ ራሴ እንድናገር ነው የጠበቀኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ያን ጊዜውኑ ነቀዘ። በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ይልቀቅ ተብሎ ተፈረደ።

በማግስቱ ጧት ያንን ምራቂ የተሰጠኝን ትንሽ መግነጢስ ፍም ውስጥ ከተትኩት። ከመግባቱ በፊት መርፌ አንስቶ ነበር፤ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ አላነሳም። የገደለው እሳቱ እንጂ የሰው ዓይን አይደለም፤ እሳቱን ያነደድኩትም እኔ ነኝ። ማስረጃው እጄ ላይ ነበር፤ ገና ሁለት ቀንም ቀርቶ ነበር። እስከ ሐጂ ደጃፍ ሄጄ ተመለስኩ። የቡዳ ወዳጅ ይሉኛል ብዬ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ እንጀራዬን ፈራሁ። ወንድምህ ይህ ነው።

ዛሬ ያረጋል ሚስቱን ይዞ፣ ወናፉን በአህያ ጭኖ፣ ወደ ደጋ ሊወጣ ነው። ሊሰናበተኝ መጣ፤ አልተቀየመኝም፣ ወይም ቅያሜውን አላሳየኝም። በአፌ ልነግረው ብዬ ቀርቤ ስለ መንገዱ ጠየቅሁት። እሱም በደንቢያ በኩል ነው የማልፈው፣ ለቤተሰብህ መልእክት ካለህ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሰጠህ ሰው እሱ ነው። ማንበብ አይችልም።

እምዬን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ሰውዬው ሲገባ የልጆቹን ፊት በነጠላ እንዳይሸፍኑ ለምንልኝ። ጸዳለን እንደምን ሰነበትሽ በልልኝ፤ ለአገኘሽ ለብቻ ሳይሆን ከእናንተው ጋር በአንድ ገበታ ታቅርብላት። ደምለውንና ስመኝን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለንስሐ አባታችንም ሰላም በልልኝ፤ እሳቸው ዘንድ ራሴ እስክመጣ ድረስ ምንም አትንገራቸው።

አንተ ግን እግሩን አሳጥበህ፣ አብልተህ፣ ካረፈ በኋላ አጠገብህ አስቀምጠውና ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብብለት፤ አንዲት ቃል እንዳትዘልልኝ። ሰምቶ ሲጨርስ ከረገመኝ፣ ወንድሜ ነው ብለህ አታማልድልኝ፤ አሜን በል።

ታናሽ ወንድምህ ፈረደ

መተማ፣ መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.