በመዳብ ቀለበት ሥራ ላይ ሳሉ ስላረፉት አቶ ረሻድ ሙዘይን

ለማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች፣ ከማኅበሩ ሙያ ተምረው በየቦታው ለሚሠሩ ሁሉ፣ እንዲሁም ለኮልፌና ለቀራንዮ ነዋሪዎች፤

የኮልፌ ብረት ቀራጮችና በያጆች ማኅበር የብየዳ ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ረሻድ ሙዘይን ሐሙስ ኅዳር 15 ቀን 1964 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በሥራ ገበታቸው እንዳሉ በእቶን ፍንዳታ ሕይወታቸው አልፏል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከአሥር ሰዓት በኋላ በኮልፌ የሙስሊም መቃብር ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማው ሐዘን መሪር ነው። ከሐዘኑም ጋር ቁጭት አለበት፤ ይህንንም አንደብቅም።

እንዲህ ያለ መግለጫ አሟሟትን በዝርዝር እንደማያወሳ እናውቃለን። ይህኛው የሚያወሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አቶ ረሻድ እሳት ይዘው ጋዝ ውስጥ የገቡ ሞኝ ናቸው የሚል ወሬ በሰፈሩ መነዛቱ ነው። ሁለተኛውና የሚያሳስበን፣ ሙያ ከእርሳቸው የቀሰሙና ዛሬ በየጋራዡና በየወርክሾፑ የሚሠሩ ሰዎች ለመታሰቢያቸው ሲሉ የእርሳቸውን የኩራዝ ልማድ አጥብቀው ሊይዙ በቀብሩ ላይ ቃል መግባታቸው ነው። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም ሰው ይገድላል።

አቶ ረሻድ በ1919 ዓ.ም. ተወልደው ያደጉት እዚሁ ኮልፌ ነው። አባታቸው ሙዘይን የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ጉድጓድ ቆፋሪ ወደ ታች ከመውረዱ በፊት የበራ ኩራዝ በገመድ ይሰዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ ከታች የሚተነፈስ አየር የለምና ማንም አይወርድም። አቶ ረሻድ ከአባታቸው የወረሱት ይህንን ነው፤ ሌላ ውርስ አልነበራቸውም።

በ1943 ዓ.ም. በቶርኖ ሠራተኛነት ወደ ማኅበሩ ገቡ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ወደ ብየዳ ክፍል ተዛወሩ። የዛገ በርሜል ይሁን አዲስ ቧንቧ፣ እርሳቸው የበየዱት ዳግመኛ ተመልሶ አይመጣም ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ወንድሙ የተባለ ባልደረባችን ብረት እንዳይዝግ የሚሞላው ናይትሮጅን ሳይወጣ በቀረበት የእቶን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ታፍኖ ሞተ። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለው፤ ሰውየው ምን እንደወሰደው እንኳ ሳያውቅ ነው የወደቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ረሻድ የአባታቸውን ኩራዝ ወደ ወርክሾፑ አመጡ። ሕጋቸው አጭር ነበረች፦ «መብራቱ ሳይገባ ሰው አይገባም።» በሕጉ መሠረት ኩራዙን የያዘው ይቀድማል፤ ሊገባ የተዘጋጀው ከበሩ ውጭ ይቆማል። ኩራዙ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ በጠፋ ቁጥርም የአንድ ሰው ነፍስ ተርፋለች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በእቶናችን ታፍኖ የሞተ ሰው የለም።

በ1958 ዓ.ም. ማኅበሩ ከአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ያልተለመደ ሥራ ተቀበለ። የታዘዘው የቅንጣት ማፍጠኛ ቱቦ ነበር። መሣሪያው በዓይን የማይታዩ የቁስ ቅንጣቶችን አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስሮጥ ሲሆን፣ ቱቦው የሚሠራው በብር ማዕድን ተበይደው አንድ ከሚሆኑ የመዳብ ቀለበቶች ነው። የቀለበቱ ገጽ እንደ መስተዋት ካልጠራ፣ መጋጠሚያውም ከፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ካለው፣ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። የጣት ወዝ እንኳ በባዶው ቱቦ ውስጥ እየተነነ ሥራውን ያበላሻል።

አቶ ረሻድ ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍል አዘጋጁ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በሳሙና ታጥቦ የጥጥ ጓንት ያጠልቃል። ለራስ ምታት ቅቤ ተቀብቶ የመጣ ሰው ከደጅ ይመለሳል፤ ሊቀ መንበራችን አቶ ደመቀም አንድ ጊዜ ተመልሰዋል። ከአሮጌ ሽቦ የቀለጠ መዳብ በእቶን ውስጥ እንደሚሰነጠቅ በሙከራ አሳይተው ንጹሕ መዳብ ከውጭ እንዲመጣ ያስወሰኑትም እርሳቸው ናቸው። በወጪው የተነሣ ብዙ አጉረመረምን። በ1961 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቱቦ ሲጠናቀቅ ማጉረምረሙ ቀረ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ለሁለተኛው ቱቦ ሲባል የእቶኑ ጋዝ ተቀየረ። በናይትሮጅን ውስጥ የሚበየደው መዳብ እየጠቆረ ስላስቸገረ፣ ጥቁረቱን የሚያነሣው ሃይድሮጅን በምትኩ ገባ። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲቀላቀል በትንሽ ነበልባል ይፈነዳል። ሥራ ሲያበቃ በናይትሮጅን ተገፍቶ መውጣት እንዳለበት ተነግሮን ነበር፤ እንደተነገረንም እናደርግ ነበር። ስለ ኩራዙ ግን የተናገረ የለም። ጋዙን ያመጡት ሰዎች ኩራዝ መኖሩን አያውቁም፤ እኛ ደግሞ ኩራዙን እንደ በር ቁልፍ ስለለመድነው እሳት መሆኑን ረስተነው ነበር። ጉዳዩን አንሥቶ ያልጠየቀው ማኅበሩ በሙሉ ነው፤ አስተዳደሩም በዚህ ውስጥ ነው።

ኅዳር 15 ቀን ሃይድሮጅኑን ገፍቶ የሚያስወጣው የናይትሮጅን ቦምቦላ ሥራው ሳያልቅ ባዶ ሆነ፤ መለኪያው ስለተበላሸም ይህ አልታወቀም። የደወል ቅርጽ ካለው የእቶኑ ክዳን ሥር ሃይድሮጅኑ ቀርቶ ነበር። ቀለበቶቹን በእጅ ለማውጣት ሊገባ የተዘጋጀው የክፍሉ ባልደረባ ተክለማርያም ነው። በፍንዳታው የግራ ጆሮው የተጎዳው ተክለማርያም ለማኅበሩ እንዲህ ሲል አስረድቷል፦ «ጋሽ ረሻድ ‹ተክሌ፣ አንተ ከበሩ ውጭ ቁም፣ መጀመሪያ እኔ ልየው› አሉኝ። እንደ ሁልጊዜው ነው። ኩራዙን ይዘው ጎንበስ አሉ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቤተሰባቸው ክብር ስንል አንጽፈውም። እቶኑ ሲፈተሽ ቀለበቶቹ ሳይነኩ ተገኝተዋል። መጋጠሚያቸው ተመርምሮ አንድም ቦታ አየር አላሳለፈም።

እንግዲህ አቶ ረሻድን ቸልተኛ ናቸው የሚል ቢኖር አያውቃቸውም። የሞቱት ጥንቃቄ ጎድሏቸው አይደለም፤ ለአንዱ ጋዝ የሚበጀው ጥንቃቄ ለሌላው ጋዝ መርዝ ሆኖ ነው። ተክለማርያም ዛሬ በሕይወት ያለው ከበሩ ውጭ ስላቆሙት ነው። ያን ያህል ሰው ከሞት ያተረፉ ሰው በዚያው ባተረፉበት ነገር መሞታቸው ያንገበግበናል።

ማኅበሩ የእቶን ሥራውን አቁሟል። ጋዝን ያለ እሳት የሚለይ መሣሪያ እስኪመጣና ሁሉም ሠራተኛ በአዲሱ ጋዝ ላይ ትምህርት እስኪያገኝ ድረስ አይጀመርም። ሁለተኛው ቱቦ ይዘገያል፤ ላዘዘው ተቋምም ይኸው ተገልጿል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዙቤዳ፣ ለልጆቻቸው ለአልፊያና ለጀላል፣ አብረዋቸው ለሠሩና ከእጃቸው ለተማሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ በራሕመቱ ይቀበላቸው። ክርስቲያን ባልደረቦቻቸውም ነፍሳቸው በሰላም እንድታርፍ እየጸለዩ ነው።

ይህ መግለጫ ሲረቀቅ ከመካከላችን አንዳንዶች «በድንገተኛ አደጋ» ብለን እንለፈው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ስለ ኩራዙ ከተጻፈ የሟች ስም ይጎድፋል ብለው ሰግተው ነው። ጉዳዩን ለወይዘሮ ዙቤዳ እንዲያቀርቡ አቶ ደመቀ ወደ ሐዘን ቤት ተላኩ። የሟች ደቀ መዛሙርት በየወርክሾፓቸው ኩራዙን ለመታሰቢያ እንደሚያበሩ ሲነጋገሩ፣ ወይዘሮዋ ከተቀመጡበት ሆነው ሰምተው ነበር። የሰጡትን መልስ በእርሳቸው ፈቃድ ቃል በቃል አስፍረናል፤ ከሟች የተማራችሁ ሁሉ ከማኅበሩ ትእዛዝ አስበልጣችሁ ተቀበሉት፦

«ሁሉንም ጻፉት። የአልፊያ አባት ኩራዙን ያበራው፣ ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው። እናንተም ሰው እንዳይሞት አጥፉት።»

የኮልፌ ብረት ቀራጮችና በያጆች ማኅበር
ኅዳር 20 ቀን 1964 ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ